አንድ ቤት፣ ሁለት ካርድ

ሰኞ፣ መጋቢት 11 ቀን 1998

ቦዩ ዛሬም ኩሽና ገባ። በዚህ ወር ሦስተኛው ነው። ጠዋት በሩን ስከፍት የሽንኩርቱ ጆንያ መሬት ላይ እየተንሳፈፈ ጠበቀኝ። የዝናብ ውሃ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት፤ የሰፈሩ ፍሳሽ ሁሉ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ በባልዲ ስቀዳና ስደፋ ቆየሁ፣ ወገቤ እስካሁን አልተቃናም።

ይኼ ሳያንስ ከምሳ በፊት የጤና ተቆጣጣሪው መጣ። ክፉ ሰው አይደለም። የራሱን ጫማ አየ፣ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ወረቀቱን አወጣ። ከኩሽናው ጀርባ የሚያልፈው ቦይ በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልተከደነ፣ ወይም እንደሚከደን የተፈረመ ማረጋገጫ ካላመጣሁ ምግብ ቤቱ ይታሸጋል። «ማማ ሩት፣ እኔ ምን ላድርግ?» አለኝ። ሩት ልጄ ናት፤ እዚህ አገር እናት የምትጠራው በልጇ ስም ነው። እውነት ምን ያድርግ።

ስድስት ዓመት የለፋሁበት ምግብ ቤት ነው። የኤርፖርቱ ካርጎ ሠራተኛ ምሳውን የሚበላው እኔ ጋ ነው። ከታሸገ እዚህ ኤርፖርቱ ሰፈር፣ ኢምባካሲ ውስጥ፣ ሌላ የምከፍተው የለኝም።

የቤቱ ባለቤት ሚስተር ንጆሮጌ የሚኖረው የሀብታሞቹ ሰፈር ላቪንግተን ነው። ስደውልለት «የሰፈሩ ጉዳይ ነው» ይላል። ሰፈሩ ማነው? እስካሁን ሰፈሩ ማለት እሱና እሱን መሰል ባለቤቶች ነበሩ። በሰፈሩ ኮሚቴ ድምፅ የሚሰጠው የቤት ካርታ ያለው ብቻ ነበር። እኛ ተከራዮች ኪራይ እንከፍላለን፣ ለዘበኛ እናዋጣለን፣ ድምፅ የለንም። ካውንስሉ ለሰፈሩ ሥራ በየዓመቱ በሚሰጠው ገንዘብ ምን እንደተሠራ እስቲ ልጻፈው፤

መጀመሪያ የብረት በር።
በዓመቱ በሩ ላይ መብራት።
ቀጥሎ የዘበኛ ቤት፣ እሱም ባለ ሸክላ።
አምና ደግሞ መግቢያው ላይ አበባና የሰፈሩ ስም የተቀረጸበት ድንጋይ።

ከመሬት በታች አንድ ነገር አልተሠራም። ድምፅ የሚሰጡት ሰዎች በወር አንዴ በመኪና ይመጣሉ፣ በበሩ ገብተው በበሩ ይወጣሉ፤ ስለዚህ በሩን ያሳምራሉ። ሽታው ለእኛ ተረፈ።

ዘንድሮ ግን ካውንስሉ ደብዳቤ ጻፈ። ገንዘቡን የሚያገኘው ተከራዩም ድምፅ የሚሰጥበት ሰፈር ነው፤ አንድ ቤተሰብ፣ አንድ ድምፅ። እዚያው የሚያድር ከሆነ የውጭ ዜጋም ጭምር። እኔም አራት ወር ሙሉ በየስብሰባው ለዚህ ስጨቃጨቅ ነበር። ቅዳሜ እንመርጣለን፤ ወይ የአጥሩን ግንብ ከፍ አድርጎ ሽቦ መዘርጋት፣ ወይ ቦዩን መክደን። ተከራዩ ከባለቤቱ እጅግ ይበዛል። እኔ አርባ አራት ዓመቴ ነው፣ ድምፅ ሰጥቼ አላውቅም። ከአገሬ ሳልመርጥ ወጣሁ፣ እዚህ ደግሞ እንግዳ ነኝ።

በዚህ ሳምንት ካልተሳካ አይሳካም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 12

የኮሚቴው ጸሐፊ ፒተር ካርድ ሲያድል ዋለ። ምግብ ቤትም መጣና «የቤተሰብ ስም?» አለኝ። ደሳለኝ አልኩት፣ ጻፈ፣ ካርዴን ሰጠኝ። ፈለቀች ደሳለኝ። ካርዱን ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደዳሰስኩት ብናገር ያሳፍራል።

ከምሳ በኋላ ተከራዩን ልቀሰቅስ ከማማ አቼንግ ጋር በየበሩ ዞርኩ። ማማ አቼንግ አትክልት ሻጭ ናት፣ ጎመኔን የማመጣው ከሷ ነው፣ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ያሰብኩት በሩ ሁሉ በእልልታ ይከፈታል ብዬ ነበር። እርፍ።

አንዱ «ጊዜ የለኝም» አለ። አንዷ ካርዱን የልጅ መጫወቻ አድርጋዋለች። ከላይ ፎቅ ያለው መካኒክ ደግሞ «ቦዩ ከተከደነ ባለቤቱ ሰፈሩ አማረ ብሎ ኪራይ ይጨምርብኛል። ይሽተት ተዉት» አለኝ። ይሽተት ተዉት። ሰውየው ልጆቹ ባለፈው ወር በተቅማጥ ሆስፒታል ተኝተው ነበር።  ግን ንጆሮጌን አውቀዋለሁ፤ በእርግጥም ይጨምራል።

ማማ አቼንግ ደረጃውን ስንወርድ «ትሰብኪያለሽ፣ አትጠይቂም» አለችኝ። ምን ልጠይቅ? ሽታውን ለማወቅ አፍንጫ ይበቃል።

ረቡዕ፣ መጋቢት 13

ምን ይሻለኛል።

ዛሬ የተከራዮች ስብሰባ ነበር፣ እኔው የጠራሁት፣ እኔው ምግብ ቤት ውስጥ፣ እኔው ሻይ ያፈላሁበት። ስለ ቦዩ ተናግሬ ሳልጨርስ ማማ አቼንግ እጇን አነሳች። «እኛ ውሃ ነው የምንፈልገው። ቦኖ ይተከልልን» አለች። ቤቱ በሙሉ አጨበጨበ። ለእኔ እኮ አላጨበጨቡም።

የኮሚቴው ሊቀ መንበር ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፣ ሰው ሁሉ ምዋሊሙ ይላቸዋል፣ መምህሩ ማለት ነው። እሳቸውም ጨዋ ስለሆኑ «ሐሳቡ ሦስተኛ ምርጫ ሆኖ ይያዝ» ብለው ጻፉ። አሁን አጥር፣ ቦይ፣ ውሃ። ተከራዩ ለሁለት ከተከፈለ አጥሩ እየሳቀ ያልፋል። ይኼን ለማወቅ መማር ያስፈልጋል?

ሰዉ ሲወጣ ማማ አቼንግን ያዝኳት። ከኋላዬ ወጋሽኝ አልኳት። እሷም ሳትቆጣ፣ እሱ ነው ይበልጥ ያናደደኝ፣ «ማማ ሩት፣ አንቺ ጣሪያሽ ላይ ታንከር አለሽ» አለችኝ። «እኔ በቀን ስድስት ጀሪካን እሸከማለሁ። በጋሪ የሚሸጠው ሰውዬ ዝናብ ሲመጣ እንኳ ዋጋ አይቀንስም። ስለ ሽታ እንዳስብ መጀመሪያ ልታጠብ።»

ታንከሬን ረስቼው ነበር። ስድስት ዓመት ከጎኗ ስሠራ ውሃ እንደምትሸከም አይቻለሁ፣ ግን አላየሁም። ይኼን ስጽፍ አፈርኩ። ማፈሬ ግን ኩሽናዬን አያደርቅልኝም፤ ንዴቴም አልበረደም።

ለባሌ ለሙሉጌታ ነገርኩት። እሱ ካርጎ መጋዘን ነው የሚሠራው፣ በፈረቃ። ጋዜጣውን ሳያስቀምጥ «ድምፅ ስጧቸው ያልሽው አንቺ ነሽ። የሚሰጡበትን ደግሞ አንቺው ልትመርጪላቸው?» አለ። ከዚያ ወዲያ አላናገርኩትም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 14

ሚስተር ንጆሮጌ ከላቪንግተን ድረስ መጣ። ድምፅ ሳይኖረን መጥቶ የማያውቅ ሰው። ጫማው ላይ ላስቲክ አጥልቆ ኩሽናዬን ዞረ፣ «ፖሌ ሳና» አለ፣ በጣም አዝናለሁ ማለቱ ነው፤ ከዚያ ሻይ ጠየቀ። የአበሻ ደንበኞቼ ለአጥሩ ከሰጡ ባለፉት ስድስት ዓመታት ያልላከውን ሠራተኛ ልኮ የእኔን ጀርባ ብቻ ሊያስከድንልኝ ቃል ገባ።

የእኔን ጀርባ ብቻ። ውሃው ከላይ አይደል የሚመጣው? ከላይ ካልተከደነ የእኔ ክዳን ውሃውን ወደ ማማ አቼንግ በር ነው የሚልከው። ነገርኩት። «ያ ሌላ ጉዳይ ነው» አለ። ሻዩን ጨርሶ ሄደ፣ እኔ እምቢ አላልኩም፣ እሺም አላልኩም። እምቢ አለማለቴ ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ ዋለ።

ዝናብ ከሰዓት በኋላ። ባልዲ። ወገብ።

ዓርብ፣ መጋቢት 15

እኛ ሰፈር አምስት የአበሻ ቤት አለ፣ የእኔን ጨምሮ። ሁሉንም ዞርኳቸው። ሁሉም ለቦዩ እንሰጣለን አሉ፣ ጋሽ በቀለ ደግሞ «አንቺ ካልሽን ለድንጋይም እንሰጣለን» አሉኝ። ቢያንስ የእኛ ሰው አለ።

ለንጆሮጌ ደወልኩና እምቢ አልኩት። 

ቅዳሜ፣ መጋቢት 16

አሸነፍን። በሁለት ድምፅ። ቦዩ አንደኛ፣ ውሃ ሁለተኛ፣ አጥር ሦስተኛ። ጠዋት ከካርጎ ሠራተኞቹ ምሳ በፊት ሄጄ ከዘበኛው ቤት ፊት በተተከለው ጠረጴዛ ካርዴን አስረከብኩ፤ ፒተር አውራ ጣቴን ሰማያዊ ቀለም አስነክሮ መዝገቡ ላይ አስረገጠኝ፣ ወረቀቴን ሳጥን ውስጥ ከተትኩ። እግሬ መሬት አልነካም ነበር። ውጤቱ ሲነበብ ማማ አቼንግ መጥታ ጨበጠችኝ። «ዘንድሮ ያንቺ፣ ከርሞ የእኔ» አለች። ከልቧ ነው። እኔ ብሆን እንዲህ አልልም ነበር።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ።

ማታ እራት ቀረበ። ጾም ነው፣ ሽሮና ጎመን፣ ሦስታችንም በአንድ ትሪ። ከሙሉጌታ ጋር ከረቡዕ ወዲህ ያልተነጋገርን ቢሆንም ዛሬ ደስ ስላለኝ ተኮራርፎ መብላት ይብቃ ብዬ ጎረስኩ። ሩት እጃችንን አየችና መብላቷን አቆመች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ እዚህ ነው ያደገችው፣ አማርኛዋን ከእንግሊዝኛ ጋር አዋህዳ ነው የምታወራው።

«ማሚ፣ ዋን ፋሚሊ ዋን ቮት አይደል እንዴ ያልሽው? ዳዲም ጣቱ ብሉ ነው።»

ትሪው ላይ ሁለት ሰማያዊ አውራ ጣት።

ሙሉጌታ ከፈረቃው በፊት መርጦ ነው የሄደው። ፒተር ማክሰኞ ማለዳ ቤት መጥቶ «እዚህ የሚኖረው ቤተሰብ ማነው?» አለው፣ ሙሉጌታ ይርጋ አለ፣ ጻፈ፣ ሰጠው። ከዚያ ምግብ ቤት መጣ፣ እኔ ደሳለኝ አልኩ። እዚህ አገር ሚስት የባሏን ስም ነው የምትይዘው። እኛ ግን ሁላችንም የየአባታችንን። ለፒተር የይርጋ ቤተሰብና የደሳለኝ ቤተሰብ አንድ ቤት ተጋርተው የሚኖሩ ሁለት ቤተሰቦች ናቸው፤ ለነገሩ እዚህ ሰፈር ሁለት ቤተሰብ በአንድ ቤት ሞልቷል። አልፈረድኩበትም። የአባቴን ስም ስሰጥ ምን እያደረግኩ እንደሆነ ያልታየኝ እኔ ነኝ።

«እንግዲህ ካኮረፍሽኝ ማን ይነግርሽ ነበር?» አለኝ ሙሉጌታ።  ሌሎቹ አራቱ የአበሻ ቤቶችስ?

እሑድ፣ መጋቢት 17

ከቅዳሴ በኋላ ግቢ ውስጥ ጠየቅኳቸው። አዎ። አራቱም። ባልም ሚስትም ካርድ ነበራቸው፣ ሁሉም ሴቶች መርጠዋል፣ ሁሉም ለቦዩ፣ እኔ ስላልኳቸው። አምስት ትርፍ ካርድ። እኛ ያሸነፍነው በሁለት።

ጋሽ በቀለ ወደ ጥግ ወሰዱኝ። «ዝም በይ፣ ልጄ» አሉኝ። «እኛ አልጻፍን፣ የጻፉት እነሱ። ማን ይቆጥራል?»

«እርስዎ እድር ላይ ቢሆን ዝም ይላሉ?» አልኳቸው። አገር ቤት ሳለን በእኛ እድር አንድ ሰው በአንድ ቤት ሁለት ደብተር ይዞ ተገኝቶ፣ ስንት ዓመት ነው ያማነው? ሰውየው ሞቶ እንኳ ድንኳኑ ውስጥ እያማነው ነበር።

«እድር የራሳችን ነው። ይኼ የሰው አገር ነው።»

«የሰው አገር ስለሆነ እኮ ነው ጋሽዬ። ነገ ቢታወቅ አበሾች ድምፅ ሰረቁ ነው የሚባለው። ለኛ ብቻም አይደለም፤ ለተከራዩ ሁሉ ይዘጋበታል።»

 ጋሽ በቀለ «ምግብ ቤትሽስ?» አሉኝ። ይኼን ጥያቄ ጥሎብኝ የሚሄድ ሰው አልጠፋም ዛሬ። ስምንት ቀን ነው የቀረኝ። ስድስት ዓመቴን ያፈሰስኩበትን ቤት በገዛ አፌ ላሽግ ነው? ማን ጠየቀኝ? ሌባው እንኳ ራሱን አይከስስም።

ከሰዓት በኋላ ማማ አቼንግ ጋ ሄድኩ። ጎመን እየከተፈች ነበር። ነገርኳት፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ስዋሂሊዬ እየተሰባበረ። ቢላዋዋን አስቀመጠች። የምትሰድበኝ መስሎኝ ነበር።

«ሴቶቹ ራሳቸው ነው የመረጡት? ባሎቻቸው ሳይሆኑ?» አለችኝ።

ራሳቸው አልኳት። «ነገ ምዋሊሙ ጋ እንሂድ» ብላ ወደ ጎመኗ ተመለሰች። ምን እንዳሰበች አልገባኝም።

ሰኞ፣ መጋቢት 18

ምዋሊሙ ስብሰባውን በግቢያቸው ጠሩ። ሰው ሞላ። ንጆሮጌም መጣ፣ በሳምንት ሁለተኛ ጊዜ፣ ታሪክ ነው። ቆሜ ተናገርኩ።  አምስት ቤት፣ አሥር ካርድ፣ ስህተቱ የስማችን ልማድ ነው፣ ቦዩ በሐቅ አላሸነፈም፤ አበቃ።

ፒተር ምስኪን በሐፍረት አንገቱን ደፋ። ንጆሮጌ ተነሳ። «ያልኩት ይኼን ነው። ተከራይ ድምፅ ሲሰጠው እንዲህ ይሆናል። ወደ ድሮው እንመለስ» አለ። የፈራሁት ይኼው። አንዳንድ ባለቤቶች በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ። ተከራዮቹ እኔን በዓይናቸው ሊበሉኝ ደረሱ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

ማማ አቼንግ ያኔ ነው የተነሳችው።

«የአበሾቹ ሚስቶች የየራሳቸው ካርድ ነበራቸው» አለች። «በእኔ ቤት ካርዱን የወሰደው ባሌ ነው። ለምን እንደሰጠ ትናንት ጠየቅኩት። ለአጥሩ።» ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። «ለአጥሩ ነው የሰጠው፣ ምክንያቱም ባለፈው ዓመት ብስክሌቱ ተሰርቋል። ከተጋባን ወዲህ አንድ ጀሪካን ተሸክሞ አያውቅም። እዚህ ያላችሁ ሴቶች፣ ካርዱን በእጇ የያዘች ማናት?»

ከእኛ ከአበሾቹ ሌላ እጅ ያነሱት ባል የሌላቸው ብቻ ነበሩ።

ከዚያ ግቢው ተደበላለቀ። ሴቶቹ ሁሉ አንድ ላይ ማውራት ጀመሩ። አንዷ «ስህተቱ የአበሾቹ ሁለት መስጠት አይደለም፣ የእኛ አለመስጠት ነው» አለች። ባሎች ጮኹ። መካኒኩ ሚስቱ ድምፅ ከኖራት እቤቱ ውስጥ ጭቅጭቅ እንደሚገባ ተናገረ፤ ሚስቱ «እስካሁን የለም እንዴ?» አለችው። ምዋሊሙ የካውንስሉን ደብዳቤ አውጥተው ሦስት ጊዜ አነበቡ፣ በየመሃሉ መነጽራቸውን እየጠረጉ። በመጨረሻ «ከአንድ ቤተሰብ ከአንድ ያላነሰ ድምፅ ይላል። ከአንድ በላይ አይሁን አይልም» አሉ። ሠላሳ ዓመት ያስተማረ ሰው እንዲህ ነው የሚያነበው።

ተወሰነ። ቅዳሜ እንደገና ይመረጣል፣ እያንዳንዱ አዋቂ በየራሱ ካርድ፣ ወንድም ሴትም። ሴቶቹ እየመጡ ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ።

እኔ ግን ወደ ቤት ስመለስ አለቀስኩ። ሴቶቹ ለምን እንደሚሰጡ ማንም ያውቃል። ለውሃ ነው። ተከራዩን አስመረጥኩ፣ ተከራዩ ለውሃ። ሴቱን አስመረጥኩ፣ ሴቱም ለውሃ። በገዛ እጄ በላዬ ላይ የማስመርጥ እኔ ብቻ ነኝ በዚህ ምድር። የተቆጣጣሪው ቀን ደግሞ የሚመጣው ሰኞ ነው።

ሙሉጌታ ሻይ አፍልቶ አመጣልኝ። «አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳትቆጪ» አለኝ። ቅዳሜ የሰጠው ለውሃ ነበር። የባሌ ድምፅ የእኔን አጥፍቶታል ማለት ነው። ስኳር ሳልጨምር የጠጣሁት ብርጭቆውን ላለመወርወር ነው።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 19

ፒተር እንደ አዲስ መዝጋቢ ሆኖ በየበሩ እየዞረ ነው። አሁን «የቤተሰብ ስም» አይልም፣ «አንቺስ ማን ትባያለሽ?» ነው የሚለው። ሦስት ቤት ባሎች አናስመዘግብም ብለው በር ዘጉ። ሚስቶቹ ጎመን ሊገዙ ሲወጡ ማማ አቼንግ ጋ ተመዘገቡ።

እኔ ምግብ ቤቱን ስለማዘዋወር ጠይቄ ነበር። ፒፕላይን የሚባል ሰፈር አንድ ክፍል አለ፣ መስኮት የለውም። እዚያ ማንም ከካርጎ ድረስ ለምሳ አይመጣም። እግሬ እስኪዝል ዞሬ ባዶ እጄን ገባሁ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 23

ተሸነፍኩ። ያውም ሰፊ ሽንፈት ነው። ውሃ ሁሉንም ጠራርጎ ወሰደው፣ ቦዩ ሁለተኛ ነው ግን በሩቁ፣ አጥሩ ለባለቤቶቹ ብቻ ቀረ። እኔ የሰጠሁት ለቦዩ ነው፤ እዚህ ደብተር ላይ እንኳ ልዋሽ አልችልም። ሴቶቹ ከጠዋት ጀምሮ ለብሰው አጊጠው ነው የተሰለፉት፣ የሠርግ ቀን ነው የሚመስለው። አንዲት አሮጊት እናት ወረቀቷን ሳጥኑ ውስጥ ከከተተች በኋላ ሌላ ካለ አምጡ አለች።

ልሄድ ስል ምዋሊሙ አስቆሙን። ቦኖው የት ይተከል የሚለው ቀርቷል፣ እሱን እዚሁ እጅ በማንሳት እንጨርስ አሉ። ደግሞም ከካውንስሉ መሐንዲስ የተነገራቸውን አነበቡልን፤ ቦኖ ያለበት ቦታ የሚፈሰውን ውሃ የሚወስድ የተከደነ ቦይ ግዴታ ነው፣ ከቦኖው እስከ ዋናው መንገድ ድረስ፣ ወጪው ከዚያው ገንዘብ።

የተከደነ ቦይ። ጆሮዬ ቆመ።

የቀረቡት ቦታዎች ሦስት ናቸው፤ በሩ አጠገብ፣ ባዶው መሬት፣ ከእኔ ኩሽና ጀርባ ያለው ጥግ። በሩ አጠገብ ከሆነ ቦዩ የሚከደነው በሩ አጠገብ ነው።  ስንት ቀን በጮህኩበት ሰፈር ዛሬ ለራሴ ቤት ጀርባ እጄን ላነሳ? ሁለት ጊዜ ተነስቶ የወደቀ ሰው ሦስተኛውን ያፍራል። እጆቼን ክንዴ ሥር ከተትኳቸው።

ማማ አቼንግ ተነሳች። «ውሃ ስንቀዳ የምንቆመው ሽታ ውስጥ ነው?» አለች። «የሚሸተው ቦታ ላይ ይተከል፣ ሽታውም እዚያው ይከደን። ከማማ ሩት ኩሽና ጀርባ።» ሌላ ምንም አልጨመረችም፣ ወደ እኔም አላየችም።

ንጆሮጌ የሱ ግድግዳ እንደሚረጥብ ሊያስረዳ ሞከረ። ማንም አልሰማውም። እጆች ተነሱ። ፒተር ሁለት ጊዜ ቆጠራቸው፤ አንዴ ቢቆጥርም ይበቃው ነበር። ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም፣ ሩት ናት የነገረችኝ። «ማሚ፣ ሉክ አፕ፣ ሁሉም ናቸው እኮ።»

ቃለ ጉባኤው ላይ ምዋሊሙ ፈረሙ፣ ማኅተም ረገጡበት። ግልባጩን እኔ ያዝኩት።

ሰኞ፣ መጋቢት 25

ተቆጣጣሪው በሰዓቱ መጣ፣ የማሸጊያ ወረቀቱን ይዞ። ቃለ ጉባኤውን ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው፣ ከዚያ ተቀምጦ አነበበው። ሥራው መቼ እንደሚጀመር ጠየቀኝ፣ አላውቅም አልኩት። ዝናቡ ከዚያ በፊት ኩሽና ቢገባስ አለኝ፣ ባልዲ አለኝ አልኩት። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። «አንድ ወር እጠብቃለሁ። ከዚያ ግን እንጃ» አለኝ። ሽሮ አዘዘ፣ ጨርሶ በላ።

ከርሞ መልካም ይሆናል፤ እስከዚያ ግን የምበላውን አላውቅም። ማማ አቼንግ ዛሬ በስድስት ሰዓት ሃያ ሴት አስከትላ ቦኖው የሚተከልበትን ስትለካ፣ የውሃ ቀጂው ሰልፍ በየት በኩል እንደሚያልፍ ሲነጋገሩ ሰማሁ። በእኔ በር በኩል ነው የሚያልፈው። የምሳ ደንበኛዬ በጀሪካን መካከል እየዘለለ ሊገባ ነው። ወጥቼ ስጨቃጨቅ «ታዲያ ስብሰባ ጥሪ» አለችኝ።

እጠራለሁ። እጠራለሁ እንጂ ዝም አልልም።

የመጀመሪያ ድምፄ ተሰረዘ። ሁለተኛው ተሸነፈ። በሦስተኛው ላይ እጄን እንኳ አላነሳሁም፤ ምግብ ቤቴ ግን ዛሬም ተከፍቶ ዋለ።